ረከቦቱ አጠገብ የተንበረከከችው ሴት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ማታ ደውለሽ «እማዬ፣ ዘረኛ አሉኝ» ብለሽ ስታለቅሺ የምመልስልሽ ቃል አጥቼ ዝም አልኩ። ያልተኛሁበት ሌሊት ነጋና ይህን እጽፍልሻለሁ።

የላክሽልኝን ሥዕል መነጽሬን አድርጌ ደጋግሜ አየሁት። የሐረሩ ቤት መቀመጫ መደብ ነደባው፣ ከግድግዳው የተሰቀሉት ስፌቶች፣ በነደባው ላይ የተቀመጡት አራት ቀያይ ሴቶች ሁሉ እጅሽ የተባረከ መሆኑን ይመሰክራሉ። አምስተኛዋ ግን ወለሉ ላይ፣ ረከቦቱ አጠገብ ተንበርክካለች፤ በሥዕሉ ውስጥ ጥቁር የሆነችው እሷ ብቻ ናት። ያቺ ወጣት ሠዓሊ በቴሌግራም ስብስባችሁ ውስጥ የጠየቀችሽም ይህንኑ ነው፤ ጥቁሯ አንዷ ብቻ ሆና የምትንበረከከውም እሷ ብቻ የሆነችው ለምንድን ነው ብላ። አንቺ «ጥበብ ቀለም የለውም» ብለሽ መለስሽ፤ ወዳጆችሽ ደግሞ ተከትለውሽ ገብተው ልጅቷን እዚህ ልጽፈው በማልወደው ቃል ሰደቧት። ባርነት በአዋጅ ከተሻረ ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ዘመን አለፈ፤ ያ ቃል ግን እስከ ዛሬ ከአፋችን አልወጣም።

ልጄ፣ ጥያቄዋ ስድብ አልነበረም። የሥዕል ጥያቄ ነበር፣ ያውም የባለሙያ ጥያቄ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዐይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዐይን ይሥሉ እንደነበር፣ ሰይጣኑንም እንደሚያጠቁሩት ያስተማርሽኝ አንቺ ራስሽ ነሽ። የማን ፊት ወዴት እንደሚዞር፣ ማን ከፍ ብሎ ማን ዝቅ ብሎ እንደሚቀመጥ በአገራችን ሥዕል ውስጥ ሁልጊዜ ትርጉም ነበረው። አንቺ ሳታስቢው ቡሩሽሽ የለመደውን ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን ያቺን ልጅ ውሸታም አያደርጋትም።

ይህን በድፍረት የምጽፍልሽ ከአንቺ የከፋ ስላደረግሁ ነው። በ1972 ዓ.ም. በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ የተዋንያንን ድርሻ የማድለው እኔ ነበርኩ። ከመካከላችን ድምፅዋ እጅግ የሚያምር፣ መልኳ ጠቆር ያለ አንዲት ልጅ ነበረች፤ በሦስት ተከታታይ ድራማዎች የቤት ሠራተኛ አድርጌ መደብኳት። በሦስተኛው ልምምድ ላይ ጀበናውን እንደያዘች ቆማ «ለምን ሁልጊዜ እኔ?» አለችኝ። እኔም ምንም ሳላስብ «መልክሽ ይስማማዋል» አልኳት። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጀበናውን እንዳይሰበር ተጠንቅቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አነሣች፣ ወጣች። ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ አላየናትም። ብትወረውረው ኖሮ ምናልባት «ባለጌ» ብዬ እረሳው ነበር፤ ቀስ ብላ ማስቀመጧን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በዚያን ጊዜ ሰው ሲወቅሰኝ የምመልሰው «ድሬ ላይ ዘር አይጠየቅም» የሚል ነበር። ይህ ቃል እውነትነት አለው፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ በአንድ ግቢ ሲኖር አይቼ አድጌአለሁ፣ እወደዋለሁም። ነገር ግን ይህቺው ከተማ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ በደቻቱ ወንዝ ተከፍላ፣ ከዚራ በወዲህ፣ መጋላ በወዲያ ሆና ነው የተቆረቆረችው። በ1950ዎቹ በኦሮምኛ ለመዝፈን የተሰባሰቡት የአፍረን ቀሎ ወጣቶች በመንግሥት የታገዱትም እዚሁ ነው። ከእነሱ መካከል የወጣው ዓሊ ቢራ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ ሁላችንም የእኛ ነው ብለን አለቀስንለት። በመልካምነታችን መኩራታችን «አሳመማችሁኝ» የሚለንን ሰው እንዳንሰማ ጆሯችንን ደፍኖት እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አሁን ምን ላድርግ ላልሽው፣ በመጀመሪያ የተጻፈውን አታጥፊ፤ የእሷንም፣ የአንቺንም። ካጠፋሽው ልጅቷ ያለ ምክንያት የተቆጣች ትመስላለች። ቀጥሎ ለአንቺ ብለው የሚሳደቡትን ወዳጆችሽን በዚያው በአደባባይ አስቁሚያቸው፤ በውስጥ መስመር መክረሻቸው ቢሆን እንኳ ስድቡን ያነበበ ሰው መከልከልሽን አያይም። ለልጅቷ የምትጽፊው አጭር ይሁን። «አስቀይሜሽ ከሆነ» አትበያት፤ «ከሆነ» የምትለውን ቃል አውጪያት፣ ማዘኗን ነግራሻለችና። እናትሽ ደግ ሴት መሆኗን፣ ጥቁር ወዳጆች እንዳሉሽ፣ ሌሊቱን ስታለቅሺ ማደርሽን አትንገሪያት፤ እንድታባብልሽ መጠየቅ ይሆንብሻል። መልስ ባትሰጥሽም አትከተያት።

ሥዕሉን በአንድ ሌሊት ቀለም ቀይረሽ «አስተካከልኩ» ብለሽ እንዳትለጥፊው አደራ። ዞር አድርገሽ አቁሚው፣ ከሳምንት በኋላ እንደ ባዳ ተመልከቺው። ለዐውደ ርእዩ ሥራዎችን የምትመርጡት ሰባት ሰዎች እነማን እንደሆናችሁም አብረሽ አስቢ፤ ስማችሁን ስትነግሪኝ ሁላችሁም የአንድ ሰፈርና የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች መስላችሁ ታይታችሁኛል።

ያቺ የድራማ ጓደኛዬ በሕይወት አለች። ባለፈው ክረምት ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን ቡና የቀዳሁላት እኔ ነበርኩ፤ ሲኒውን ተቀብላ «ልጆችሽ ደኅና ናቸው?» አለችኝ። ከአርባ ዓመት በላይ ያፈንኩትን ለመናገር ያን ጊዜም ወኔ አጣሁ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ይህን ደብዳቤ ካሸግሁ በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል ወንዙን ተሻግሬ ቤቷ እሄዳለሁ። የምላትን ወረቀት ላይ ጻፍኩት፤ ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ «ከሆነ» የሚል ቃልም የለበትም።

እናትሽ