እማዬ ከየት ቤት ትውጣ? የምስጋና መልእክት

የእናታችን አርባ ትናንት ወጣ። አንድ በአንድ ደውዬ አመስግኜ አልዘልቀውምና እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁት። በሌሊት ከሆስፒታል ስንመለስ ደጃችን ላይ ቆማችሁ ጠበቃችሁን። ውሃ በካርቶን፣ እንጀራ በሞሶብ፣ ንፍሮ በፌስታል ይዛችሁ በየተራ ገባችሁ። አስከሬን መላኪያውን ወረቀት እኔ ዓይኔ አላነበው ሲል፣ ሥራውን ትቶ ኤምባሲ ድረስ ያመላለሰኝ ወንድሜ፣ ውለታህ አለብኝ።

እማዬ አባቴ ካረፈበት ከአዲስ አበባው ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ቦታ አትቀብሩኝ ትል ነበር። ቲኬቱም ወረቀቱም አለቀ። ግን አስከሬን ከኤርፖርት በቀጥታ ወደ ቀብር አይሄድም። ቤቱ ይገባል፣ ይለቀስለታል፣ ከቤቱ ይወጣል። የእማዬ ቤት ደግሞ የለም። በ2017 ዓ.ም. ሰፈራችን ካዛንቺስ ሲነሳ አብሮ ፈርሷል።

ካዛንቺስ ስሙ የጣሊያን ነው። በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው የሠሯቸው ቤቶች "ካዛ ኢንቺስ" ይባሉ ነበር፣ የእኛ ሰው በራሱ አፍ አድርጎ ጠራው። ከመንዝ የመጣችው እናቴና ከሶዶ የመጣው አባቴ የተገናኙት እዚያ ነው። "አገርሽ የት ነው?" ስባል አንዱን ወላጄን ትቼ ሌላውን መጥራት አይሆንልኝም። "ካዛንቺስ" እል ነበር። አሁን ዘመድ ሁሉ በስልክ ተሰብስቦ አዳራሽ እንከራይ፣ የአጎት ቤት ይሁን እያለ ሲከራከር፣ እኔ ምንም አላልኩም። የምለው አልነበረኝም።

ያኔ ነው እትዬ የደወሉት። የድሮ የግንብ ጎረቤታችን፣ አሁን ገላን ጉራ የሚኖሩት።

"ከእኔ ቤት ትወጣለች። ሌላ ቤት አትፈልጉ።"

ሌላ አልጨመሩም።

ስንደርስ ድንኳኑ ተጥሏል። የእድራችን ድንኳን ነው፣ ጥጉ ላይ በሌላ ቀለም ሸራ የተጣፈው፣ ልጅ ሆኜ ሥሩ የተጫወትኩበት። ጥሩምባ ነፊያችን ሰፈሩ ስለተበተነ በየቤቱ ስልክ ሲደውል ነው ያደረው። ጠዋት ግን ጥሩምባውን ይዞ መጣና ኮንዶሚኒየሙ መሀል ቆሞ ነፋው። የማያውቁን ሰዎች ከየፎቁ ወርደው አብረውን አለቀሱ። እናንተንም አመሰግናለሁ። ፍትሐቱ እማዬ ስትሳለመው በኖረችው በኡራኤል ሆነ። እድርተኞቹ ከቦሌ አራብሳ፣ ከየት ከየት፣ በሁለት በሦስት ታክሲ መጥታችሁ ነበር።

በሰልስቱ የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን አሳዩኝ። እማዬ እዚህ ልጆቼን ልታሳድግልኝ ከመጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በየእሑዱ "የእድሬ ተከፍሏል?" ትለኝ ነበር። "አዎ እማ" እላታለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ልኬያለሁ። ከዚያ ረሳሁት። በእድሩ ደንብ ስሟ መሰረዝ ነበረበት። መዝገቡ ላይ ግን የእማዬ ስም በሰማያዊ እስክሪብቶ አለ፣ ከጎኑ ወር በወር ተከፍሏል፣ ተከፍሏል፣ ተከፍሏል። ገጹን ገልጬ ልጨርሰው አልቻልኩም። ከፋይዋ እትዬ ናቸው። በርበሬ ቸርችረው ከሚያገኟት ላይ። ለእማዬም ለእኔም አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም።

የ12 ዓመቱ ልጄ አማርኛው ስብርብር ያለ ነው። እዚህ ትምህርት ቤት ከየት እንደሆነ ሲጠይቁት ይጨነቃል። ለቅሶው ላይ አንድ አዛውንት አገጩን ይዘው ቀና አደረጉትና "ይሄማ የአያቱ ግንባር ነው" ብለው አጠገባቸው አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ሦስቱንም ቀን ንፍሮ ሲያዞር ዋለ። አባባ፣ ያቺን ቃል ልጄ እስካሁን ያወራታል።

የእድራችን ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ወጥ ሠሪዎች፣ ወንበር ተሸካሚዎች፣ ከመስጊድ ወጥታችሁ በቀጥታ ድንኳን የገባችሁ ጎረቤቶቻችን፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። በእማዬ ቦታ የእኔ ስም እንዲገባ ጠይቄ ፈቅዳችሁልኛል። በየወሩ የምልከው እኔው ነኝ።

እትዬ፣ የስምንት ዓመቱን ልክፈል ብዬ ብሩን ስዘረጋ እጄን መልሰው አጠፉት። "እሷ ብትሆን ለእኔ አትከፍልም ነበር?" አሉኝ። ትከፍል ነበር እትዬ። ዕድሜ ይስጥልን።

ልጆቿና የልጅ ልጆቿ