የሞተር ሳይክል ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ በኤጂ 200 እስከ ዶርዜ

የክበባችንን ስም ሲሰሙ ግንባራቸውን የሚቋጥሩ ወላጆች አሉ። በወላጆች ቀን አንድ አባት ፊት ለፊት ጠይቀውኛል። «መምህር፣ ልጆቹን ለሞት ነው እንዴ የምታለማምዷቸው?» አሉኝ። ጥያቄው የብዙ ሰው ስለሆነ ዘገባዬን ከመልሱ ልጀምር።

አንድ ቀን እዚሁ አርባ ምንጭ ከሲቄላ ሰፈር ወደ ሴቻ የሚወስደው መንገድ ዳር ቆም በሉ። አንድ ሞተር ላይ ሦስት ሆነው የሚወጡ ልጆች ታያላችሁ። ሄልሜት የለም። ነጂው ነጠላ ጫማ አድርጓል። የሚነዳው ቦክሰር ወይም አፓቼ የወንድሙ ወይም የጎረቤቱ ነው፤ ፍሬኑ መቼ እንደታየ የሚያውቅ የለም። ከእነዚህ ልጆች መካከል የእኛ ተማሪዎች አሉ። ክበቡ ኖረም አልኖረም ይነዳሉ። እኛ የምንለፋው አውቀው እንዲነዱ ነው። ደንባችንም ግልጽ ነው። 18 ዓመት ያልሞላው ወይም መንጃ ፈቃድ የሌለው አባል ሞተር አይነዳም። እሱ ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ይለካል፣ ይጽፋል። አብዛኛው የክበቡ ሥራም ይኸው ነው።

የዘንድሮው ትልቁ ወሬያችን ሞተሯ ናት። ያማሃ ኤጂ 200። አንድ ድርጅት ፕሮጀክቱን ጨርሶ ሲወጣ ለትምህርት ቤታችን አበረከተልን፤ ምስጋናችን ከልብ ነው። ስንረከባት ባትሪዋ ሞቷል፣ ኮርቻዋ ተቀዷል፣ ጎማዎቿ አልቀዋል። ተማሪዎቹም መጀመሪያ አልወደዷትም። ከፊትም ከኋላም የብረት ዕቃ መጫኛ ተገጥሞላታል፣ አንጸባራቂ ቀለም የላትም፣ ድምጿም ዝግ ያለ ነው። «ቲቸር፣ ይቺማ የወተት ማመላለሻ ናት» አለ አንዱ።

እኔ ግን ለማስተማሪያ ከእሷ የተሻለ ሞተር አላውቅም። ያማሃ ኤጂን የሠራው ለእርሻ ሥራ ነው፤ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ገበሬዎች ከብትና በግ ይጠብቁባታል። አሠራሯን ቀረብ ብሎ ላየው እያንዳንዱ ነገር ምክንያት አለው። የጎን መቆሚያዋ ሁለት ነው፣ በግራም በቀኝም፤ መሬቱ ወደየትም ቢያዘነብል ትቆማለች። የኋላ ጎማዋን የሚያዞረው ካቴና ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ስለሆነ ጭቃና አቧራ አይበላውም። ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው ፍሪሲዮኗ እንደተጨበጠ የሚቆለፍበት ነገር አለው፤ ገበሬው ማርሽ እንዳስገባ ወርዶ የአጥሩን በር ይከፍታል። በቁልፍም በእግርም ትነሳለች። ባትሪ እስክናገኝ ድረስ ያዳነን እግራችን ነው።

ሞተሯ 196 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ማርሿ አምስት ነው። ራዲያተር የለ፣ ኮምፒውተር የለ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር በዐይን ይታያል፣ በእጅ ይነካል። ተማሪ መጽሐፍ ላይ ያነበበውን እዚያው ፈቶ ያየዋል። ይህን የሚሰጥ ቤተ ሙከራ የለንም።

አነዳዷስ? አባላቱ የአነዳድ ማስታወሻ መያዝ ግዴታቸው ነው፤ የነዳ ስለ መንዳቱ፣ ከኋላ የተቀመጠ ስለ መቀመጡ ይጽፋል። የእኔንም እዚህ ላስፍር። መሪዋ ሰፊ ነው። ቀና ተብሎ ስለሚቀመጡባት ወገብ አትጎዳም። ቤንዚን ሳትሰጧት እንኳ በአንደኛ ማርሽ ዝም ብላ ትሄዳለች፤ ገበያ መሃል ከእግረኛ ጋር እኩል መራመድ ትችላላችሁ። አስፋልት ላይ ፈጠን በይ ስትሏት ግን ታጉረመርማለች፣ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ እጅ ይደነዝዛል። አፓቼ የያዘ ጥሏችሁ ይሄዳል። ይሂድ። ኮረኮንች ላይ ስትደርሱ ነገሩ ይገለበጣል። ሞላዋ ረጅም ነው፤ ድንጋዩን ውጣው ታልፋለች። ሃምሳ ኪሎ ጤፍ ከኋላ ጭነን ስንሞክራት አቅጣጫዋን አልሳተችም።

ፍሬኗ ከፊትም ከኋላም ጎማው መሃል ባለ ከበሮ ውስጥ በሚይዝ ሸራ የሚሠራ ነው፤ ዲስክ የላትም። ቀድሞ ማሰብን ትጠይቃለች። ለዚህም ነው የኳስ ሜዳችን ላይ በኖራ መስመር አስምረን የፍሬን ሙከራ ያደረግነው። መንጃ ፈቃድ ያለው አባል መጀመሪያ በሰዓት በ20 ኪሎ ሜትር፣ ቀጥሎ በ40 እየነዳ መጥቶ መስመሩ ላይ ፍሬን ይይዛል። ሌሎቹ በሜትር ይለካሉ። ከሙከራው በፊት ሁሉም ግምቱን ጻፈ። ፍጥነቱ እጥፍ ስለሆነ ርቀቱም እጥፍ ይሆናል አሉ። አራት እጥፍ ገደማ ሆነ። የፊዚክስ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት የፍጥነት ካሬ ያን ዕለት ሜዳው ላይ በኖራ ተጻፈ። ከኋላ የቆሙት ልጆች ጸጥ ሲሉ አይቻለሁ። ልጆቹን ለሞት ታለማምዳላችሁ ያሉኝ አባት ያን ቀን ቢኖሩልኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

መደበኛ ስብሰባችን ሐሙስ ከሰዓት ነበር። የሥራ አስፈጻሚ ምርጫ ተካሂዷል፣ መተዳደሪያ ደንብ ጸድቋል፣ ከቀይ መስቀል ክበብ ጋር የመጀመሪያ እርዳታ ተምረናል፣ የትራፊክ ፖሊስ ባልደረባም መጥተው ገለጻ ሰጥተውናል። በዚህ ልለፈው።

መጻፍ የምፈልገው በጨንቻ መንገድ ተራራው ላይ ወዳለችው ዶርዜ ስላደረግነው ጉዞ ነው።

የሄድነው በጥር መጨረሻ፣ ዝናቡ ሳይገባ ነው። ሞተሯን መንጃ ፈቃድ ያላቸው ሁለት የ12ኛ ክፍል አባላትና እኔ እየተቀያየርን ነዳን፤ የቀሩት በሚኒባስ ተከተሉን። በሶዶ መንገድ ሙዝና ማንጎውን አልፈን ወደ ግራ ታጠፍንና ዳገቱን ጀመርን። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጨንቻ ደግሞ 2,700 ታልፋለች። በመካከሉ ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ታች በካናቴራ የጀመረ ሰው ላይ ሹራብ ይፈልጋል። አንዱ መታጠፊያ ላይ ቆመን ቁልቁል ስናይ ቀላ ያለው አባያና ሰማያዊው ጫሞ፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ ቁልጭ ብለው ታዩን።

ከዚያ ጥቂት እንደወጣን ሞተሯ መድከም ጀመረች። በሦስተኛ ስትወጣ የነበረችው ሁለተኛ ጠየቀች፣ ከዚያም አንደኛ። ማርሚታዋ ጥቁር ጭስ ተፋ። ቤንዚን ሲሰጧት ፈጠን ማለት ሲገባት ጭራሽ ታንቃለች። ዳር ይዘን ቆምን። መሬቱ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ስለነበር የቀኝ መቆሚያዋን አውርደን አቆምናት።

ወንዶቹ ከበቧት። አንዱ ቤንዚኑ ቆሻሻ ነው አለ፣ ሌላው ፒስተኗ አልቋል አለ። እኔ ምክንያቱን ጠርጥሬያለሁ፤ ግን ዝም አልኩ። ይህን ጊዜ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሚኒባሱ ወርዳ መጣች። ልጅቷ የጨንቻ ልጅ ናት። ክፍል ውስጥ ድምጿ አይሰማም። ክበባችንም ውስጥ ከጀርባ ቆማ የምታይ፣ መፍቻ ሲጠፋ ፈልጋ የምታመጣ ነበረች። ወንዶቹን «እስቲ አንዴ» አለቻቸው። የካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰውን ዕቃ) መፍቻ ተቀበለች። ካንዴላው ስለሚፋጅ በሹራቧ እጅጌ ይዛ አወጣችው። ጫፉ ደረቅ ጥላሸት ለብሷል።

«ቲቸር፣ ቤንዚን በዝቶባታል» አለችኝ።

«ማን ጨመረባት?» አልኳት።

«ማንም። አየሩ ነው የቀነሰው። ወደ ላይ ሲወጣ የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ፊዚክስ ላይ ተምረናል። ካርቡራተሩ ግን ገና አርባ ምንጭ ያለን ነው የሚመስለው።»

ከዚህ የተሻለ እኔም አላስረዳውም። ጨንቻ ላይ ያለው አየር ከአርባ ምንጩ በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ካርቡራተሩ ለቆላው የተስተካከለ ስለሆነ ቤንዚኑን በልኩ አይቀንስም። ትርፉ ሳይቃጠል ጥላሸት ይሆናል። እሷ ግን በዚህ አላበቃችም። የአየር ማጣሪያዋን፣ ፊልትሮውን ከፈተች። ከታች ይዘነው የወጣነው አቧራ ተጋግሮበታል፤ ቀድሞ ያነሰውን አየር እሱም ይከለክላል። ከሞተሯ ራቅ ብላ ስፖንጁን በጥቂት ቤንዚን አጠበችው፣ ጨመቀችው፣ ደረቅ ሲል ዘይት ነካ አድርጋ መለሰችው። ካንዴላውን በሽቦ ብሩሽ ፈተገችና ገጠመችው። ከዚያ በእግሯ ረገጠቻት። በሁለተኛው ተነሳች።

አንድ ሽማግሌ ቀርከሃ ተሸክመው ሲወጡ ቆመው ያዩን ነበር። በጋሞኛ አንድ ነገር ጠየቋት። እሷም ጎንበስ ብላ መለሰችላቸው። በኋላ ምን እንዳሏት ስንጠይቃት አፍራ ነበር የነገረችን። «እኔን የማን ልጅ ነሽ አሉኝ፣ ነገርኳቸው። ሴት ልጅ ሞተር ስትፈታ አይቼ አላውቅም፣ የልጅ ልጄንም እንዲህ አስተምሩልኝ አሉ።» ሽማግሌው ቀርከሃቸውን አውርደው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው እሷንም እኛንም መረቁን። ምርቃቱ በጋሞኛ ነው፤ ቃሉን ያልገባን ሁሉ አሜን አልን። ስሜቴን መደበቅ አልቻልኩም፤ ሄልሜቴን ቶሎ አጠለቅሁ።

ዶርዜ ላይ የቀርከሃ ቤቶቹን አየን፣ ሸማ ሲሸመን አየን፣ ቆጮ በማርና በዳጣ በላን። የመንደሩን ኮረኮንች በሞተሯ ዞርነው። መልሱ ቁልቁለት ነው። ሸራ ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ላይ ከተያዘ ይግላል፣ ሲግል ይከዳል። ስለዚህ በሁለተኛ ማርሽ ራሷ ሞተሯ እንድትይዘን እያደረግን ወረድን፤ ፍሬኑን ለመታጠፊያዎቹ አስቀመጥነው። ከነጂዎቹ አንዱ ማስታወሻው ላይ እንዲህ ጻፈ፦ «ስወጣ ጉልበት እንዲኖራት ተመኘሁ። ስወርድ ግን ቀስ ማለቷን ወደድኩት።» በመኪና የሄዱትም እንዳይቀሩ፣ ታች ስንደርስ ሁሉም ማስታወሻውን ጻፈ።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ልጅቷ የመሣሪያ ክፍል ኃላፊ ናት። ከኋላ የሚቆሙ ሴት አባላትም ወደፊት መጥተዋል፤ ካንዴላ ለማውጣት ተራ ይጠብቃሉ።

ያልተሳካልንም አለ። ቤንዚን ሲጠፋ ሳምንታት ያለ ሥራ አልፈዋል። አንዴ በሃይላንድ የሚሸጠውን ገዝተን ካርቡራተሩ ውስጥ ውሃ ገባ፤ አሁን ማንም አባል ጠርሙሱን ለብርሃን ገልጦ፣ ከሥር የረጋ ውሃ እንደሌለው ሳያይ አይቀበልም። ጥናታዊ ጉዞ ወደ ጋራዥ አቅደን ቀረ። ከነጂዎቹ አንዱም ሜዳው ላይ ወድቆ መዳፉ ተላጠ። ጓንት ቢኖር አይላጥም ነበር።

የሄልሜቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ያለን ሦስት ብቻ ነው፤ የአንዱ ማሰሪያ ተበጥሷል። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ የታወቀ ግምገማ ሄልሜት የነጂውን የመሞት አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል። ይህን ለተማሪ እያስተማርኩ ማሰሪያው የተበጠሰ ሄልሜት ማቀበል አልችልም። ሞተሯም የምታድረው በስፖርት ዕቃ ክፍሉ በረንዳ ላይ፣ ሸራ ለብሳ ነው። የክበባት በጀት ሲከፋፈል ለእኛ የደረሰን አንድ ጎማ አይገዛም። የኳስ ቡድናችን ማልያ በየዓመቱ ሲቀየር ደስ ይለናል፣ እናጨበጭባለንም። ግን ማልያ ባይቀየር ልጅ አይሞትም። ርዕሰ መምህራችን ጉዳዩን እንደሚያዩት ቃል ገብተውልናል፤ እዚህ መጻፌም ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች አብረው እንዲያዩት ነው።

ለመጪው ዓመት ኮንሶ ለመሄድ አቅደናል። ተማሪዎቹ በዩኔስኮ የተመዘገበውን የእርከን ሥራ ያያሉ፣ ሞተሯም በዚያ መንገድ እንዴት እንደምትሆን ይመዘግባሉ። ለዚህ አምስት ሄልሜት፣ ሁለት ጎማ፣ አንድ ሙሉ የመፍቻ ስብስብና በር ያለው የቆርቆሮ መጠለያ ያስፈልገናል። የጎማዎቹ ልክ በክበባት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። በገንዘብ መርዳት የምትፈልጉ ሒሳብ ክፍል ደረሰኝ አስቆርጡ፣ «ለሞተር ክበብ» ተብሎ ይጻፍበት። ያገለገለ ሄልሜት ማምጣት ያሰባችሁ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ወድቆ የተመታ ከሆነ አታምጡ፤ ውስጡ ከተሰነጠቀ አያድንም። የአዲስ አባላት ምዝገባ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ነው። መዝገቡ የመሣሪያ ክፍል ኃላፊዋ ካስረከበቻት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ዘንድ ይገኛል።