ሲሊንደሩ ወደ ቶርኖ ቤት ከመላኩ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በተሽከርካሪ ዓምዳችሁ ስለ አሮጌ መኪኖች የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ብዙ ጠቃሚ ነገር የያዘ ቢሆንም፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ዘይት መብላት ሲጀምር ሲሊንደሩን በቶርኖ ቤት አስፍቶ ኦቨርሳይዝ (ከመደበኛው የሰፋ) ፒስተን መግጠም ይበቃል የሚለው ምክር እርማት ያስፈልገዋል። ምክሩ ለቮልስዋገን ይሠራል፤ የቮልስ ሲሊንደር ሙቀት ከሚያስወጡት የውጪ ክንፎቹ ጋር ብረት ስለሆነ ቢፋቅም ከሥሩ የሚገኘው ያው ብረት ነው። ጽሑፉ አብሮ የጠቀሰው ፖርሽ 911 ግን ምንም እንኳ የቮልስ የሥጋ ዘመድ ቢሆን በዚህ ረገድ አይመስለውም። እዚህ ጎንደር 911 በመንገድ ላይ ማየት ብርቅ ቢሆንም፣ ውጭ የሚኖሩ ዘመዶቻችን የተፈታ ሞተር ፎቶ እየላኩ ምክር ስለሚጠይቁን ጉዳዩ ለእኛም እንግዳ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1963 ለሕዝብ የታየው 911 እስከ 1998 ድረስ ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ሆኖ ሲሠራ የተለያየ ሲሊንደር ተገጥሞለታል። ከቀደሙት መካከል ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነው፣ እንዲሁም ውስጡ ብረት ሆኖ የአሉሚኒየም ክንፍ የተቀዳበት ባይራል የሚባለው ይገኛሉ። የ1973 ሞዴል የሆነው ካሬራ አር ኤስ 2.7 ደግሞ ኒካሲል ነበረው፤ ይህም ኒኬልና ሲሊኮን ካርባይድ በስሱ የተለበጠበት አሉሚኒየም ነው። አሉሲል የሚባለው ምንም ሽፋን የለውም፤ 17 በመቶ ያህል ሲሊኮን ያለበት አሉሚኒየም ሆኖ የውስጥ ገጹ በኬሚካል ስለሚበላ የሲሊኮኑ ቅንጣቶች ብቅ ብለው ፒስተኑንና ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ይሸከማሉ።

ችግሩ የመኪናውን ሞዴልና ዓመተ ምሕረት ማወቅ ብቻውን የማይበቃ መሆኑ ነው። ከ1974 በኋላ በተሠሩት 2.7 ሊትር ሞተሮችም ሆነ 95 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የ911 ኤስ ሲ ሲሊንደር ኒካሲልም አሉሲልም ይገኛል። ውጪው ላይ የአምራቾቹ የማህሌ ወይም የካ ኤስ ምልክት ካለ ይረዳል፤ ካ ኤስ ከሆነ አሉሲል መሆኑን ያመለክታል። ማህሌ ግን ባይራልንም ኒካሲልንም ስለሠራ ምልክቱ ብቻውን አይፈርድም።

ስለዚህ ትንሽ ማግኔት በክር አንጠልጥሎ መፈተሽ ይሻላል። ከክንፉም ከውስጡም አጥብቆ ከተጣበቀ ሲሊንደሩ ብረት ነው፤ ክንፉ ትቶት ውስጡ ከያዘው ባይራል ነው። ኒኬል በማግኔት ስለሚሳብ ኒካሲል ማግኔቱን በደካማው ይጎትተዋል፣ አሉሲል ግን ጨርሶ አይነካውም። ከዚያ በኋላ ገጹን በደንብ ጠርጎ በብርሃን ማየት ነው፤ ኒካሲል ረጅም ዘመን ከሠራ በኋላም የተጠላለፉ ቀጫጭን የሆኒንግ (በድንጋይ የመሞረድ) መስመሮች ይታዩበታል፣ አሉሲል ግን ደብዘዝ ያለ ግራጫና ለስላሳ ነው።

ይህን ሳይለዩ ወደ ቶርኖ ቤት መሄድ ሲሊንደሩን መጣል ማለት ነው። የኒካሲል ሽፋን ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ እንኳ ስለማይደርስ መሣሪያው ሲያልፍበት ተጠርጎ ይወጣል፤ መልሶ መለበጥ የሚቻለውም ለዚሁ ሥራ በተዘጋጀ ድርጅት ነው። አሉሲልን በተራ ድንጋይ ሆኒንግ የሠራበት ሰው ደግሞ ሲሊኮኑን ነቅሎ አሉሚኒየሙን ለፒስተን ያጋልጠዋል። የአሉሲል ፒስተን ቀሚሱ (የታችኛው ጎኑ) በብረት የተለበጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ልባጥ የሌለው ፒስተን ከገባበት አሉሚኒየም ከአሉሚኒየም ጋር ተፋጭቶ ይነክሳል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ አየሩ በሳሳበት አገር፣ ወደ ደባርቅ የሚወጣውን መንገድ የሚይዝ ሞተር እንዲህ ያለውን ጥፋት ብዙ አይታገሥም።

እርማቱን በሚቀጥለው እትም ብታወጡልን፣ ፒስተኖቹን ከየሲሊንደራቸው ጋር ቁጥር ጽፎ ማስቀመጥ እንደሚገባም ብትጨምሩበት እወዳለሁ፤ የሲሊንደሩ ልክ ካልሰፋ እያንዳንዱ ፒስተን ወደ ነበረበት ይመለሳልና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቮልስ መካኒክ፤ ጎንደር