እስቲ መጀመሪያ ሰውየውን ተዋወቂው

ሰላም እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ? እናትሽስ ደህና ናቸው? ሸገርስ እንዴት ይዞሻል? እዚህ ድሬ ሁላችንም ደህና ነን፤ ሙቀቱ ግን ብሶበታል፤ ከሰዓት ላይ ከከዚራ ዛፎች ሥር ካልሆነ መቆሚያ የለም። ከተጠፋፋን ብዙ ቆየን። ስልኬ ላይ ስምሽ ብቅ ሲል በጣም ነው ደስ ያለኝ፤ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ የጻፍሽልኝ ስለ አኒሜ፣ ስለዚያ የጃፓን ካርቱን፣ መሆኑን ሳይ "አቦ፣ ይቺ ልጅ ያው ናት" አልኩ። ጥያቄሽ በቴሌግራም በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልመሰለኝ ነው እንዲህ ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ።

ያልሽኝ ይሄ ነው። የሥራ ባልደረባሽ አንድ አጭር ቪዲዮ ላከልሽ። የወታደር ቀብር ነው። አንዲት ሕፃን ታለቅሳለች። ሰው ከተበተነ በኋላ የቀረ አንድ መኮንን ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ "ዝናብ ጣለ" ይላል፣ ጉንጩ ላይ እንባ ይወርዳል። ልጁ "ይሄን አይቶ ያላለቀሰ የለም" ብሎሻል። አንቺ አየሽው፣ ምንም አልተሰማሽም። "እኔ ነኝ ደረቅ ወይስ ሰው ነው የሚያጋንነው?" ብለሽ ጠየቅሽኝ።

አንቺም ደረቅ አይደለሽም፣ ሰውም አላጋነነም። ሟቹን አታውቂውም፣ በቃ። መንገድ ላይ የማታውቂው ሰው አስከሬን ሲያልፍ ቆም ብለሽ "ነፍስ ይማር" ትያለሽ፣ ከዚያ መንገድሽን ትቀጥያለሽ፤ የሠፈርሽ ሰው ሲሆን ግን ድንኳኑ ውስጥ ነው የምትውይው። ባልደረባሽ የላከልሽ ድንኳኑን ነው፤ ሰውየውን አላስተዋወቀሽም።

እኔ ላስተዋውቅሽ። ሟቹ ሜስ ሂውዝ ይባላል፤ ታሪኩ "ፉልሜታል አልኬሚስት" ነው። ዋናዎቹ ሰዎች ኤድዋርድና አልፎንስ የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው። የሞተች እናታቸውን በአልኬሚ፣ አንዱን ነገር ወደ ሌላ በሚለውጥ ጥበብ፣ ሊያስነሱ ሞክረው ኤድዋርድ አንድ እጁንና አንድ እግሩን፣ አልፎንስ ደግሞ መላ ሰውነቱን ያጡ ልጆች። ሂውዝ ዋና ሰው አይደለም። የሠራዊቱ የምርመራ ክፍል መኮንን ነው፤ መጀመሪያ ስታዪው ለማሳቅ ብቻ የገባ ነው የሚመስልሽ። ያገኘውን ሁሉ አስቁሞ የትንሿን ልጁን የኤሊሲያን ፎቶ ያሳያል። ሥራ የበዛበትን ጓደኛውን በቢሮ ስልክ ይደውልለትና ስለ ልጁ ያወራለታል፤ ቀጥሎ ደግሞ "አንተም ሚስት አግባ እንጂ" ይለዋል። "ኧረ አሁንስ በዛ" ትያለሽ። እየቆየ ግን ሌላውን ጎኑን ታያለሽ። ኤድዋርድ ሆስፒታል ሲተኛ ሊጠይቀው ይሄዳል። ዊንሪ የምትባለዋ የወንድማማቾቹ ጓደኛ ከሩቅ ስትመጣ ቤቱ ይወስዳትና የልጁ ልደት ላይ እንግዳ ያደርጋታል። ሰው የሚሰበስብ ሰው ነው።

ከዚያ ያ ምሽት ይመጣል። የአገሩን ትልቅ ምስጢር ደርሶበታል። የሠራዊቱን ስልክ ስላላመነ ውጭ ወጥቶ ከመንገድ ስልክ ለጓደኛው ለሮይ ማስታንግ ሊደውል ይሞክራል። ኤንቪ የሚባለው ጠላት የፈለገውን ሰው መልክ መያዝ ይችላል፤ መጀመሪያ በአንዲት ሴት መኮንን መልክ ይመጣበታል። ሂውዝ ወዲያው ይነቃበታል። ለምን መሰለሽ? እውነተኛዋ ሴት በግራ ዓይኗ ሥር ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለቻት፣ ይቺኛዋ የላትም። ሰውን አስተውሎ የሚያይ ሰው ነዋ! ቢላውን ያወጣል፣ ሊወረውር ነው፤ በዚያች ቅጽበት ኤንቪ የሚስቱን የግሬሺያን መልክ ይይዛል። የሂውዝ እጅ ይቆማል። ሚስቱ እንዳልሆነች ልቡ ያውቃል፣ እጁ ግን እሺ አላለውም። ይተኮስበታል።

አሁን ያን ሁሉ ፎቶ አስቢው። የቀለደበት፣ ያሰለቸን፣ "በቃህ" ያልነው ፍቅር ነው እጁን የያዘው። ይህን ክፍል ብቻ ከፍተሽ ብታዪው የምታገኚው አንድ ወታደር ተታሎ ሲገደል ነው። ፎቶዎቹን አብረሽው ስታዪ ከቆየሽ ግን እጁ ለምን እንደቆመ ማንም ሊያስረዳሽ አያስፈልግም። ቀብሩ ላይ ኤሊሲያ "አባቴን ለምን ይቀብሩታል? ሥራ አለበት እኮ" ብላ ስታለቅስ፣ ዝናብ ጣለ የሚለው መኮንን ደግሞ ያ በስልክ ሲነዘነዝ የነበረው ማስታንግ ነው። እሱ ስሜቱን የሚያሳይ ሰው አይደለም፤ አጠገቡ ያለችው የበታቹ "ዝናብ እኮ የለም" ትለዋለች፣ "አለ፣ ዝናብ ነው" ይላታል፣ እሷም ዝም ብላ ትቀበለዋለች። አንቺ ከዚህ ሁሉ ያየሽው እንባውን ብቻ ነው።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ይህ ታሪክ በአኒሜ ሁለት ጊዜ ተሠርቷል፤ ሁለቱንም የሠራው ቦንስ የሚባለው ስቱዲዮ ነው። በፈረንጆች 2003 የጀመረው 51 ክፍል አለው፣ በ2009 የጀመረውና "ብራዘርሁድ" የሚባለው 64። በመጀመሪያው ሂውዝ የሚሞተው በ25ኛው ክፍል ነው፣ በሁለተኛው በ10ኛው። ብራዘርሁድ በጠቅላላው የተሻለ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሂሮሙ አራካዋን ማንጋ፣ ማለትም መነሻ የሆነውን የሥዕል መጽሐፍ፣ እስከ መጨረሻው የሚከተለው እሱ ነው። ሂውዝን በተመለከተ ግን 2003ቱ ይበልጥብኛል። ገዳዩ ያው ነው፣ የስልኩ ሣጥን ያው ነው፣ ቀብሩ ያው ነው። የተለየው አብረነው የቆየነው ጊዜ ነው፤ እኔ ላይ ደግሞ ያ ጊዜ ሁሉንም ለውጦታል።

ትዝ ይልሻል፣ ድሮ ፍላሽ ይዘን ታይዋን ገበያ ሄደን ናሩቶ የሚባለውን አኒሜ ስናስጭን? የሚጫንልን የተገኘው ክፍል ነበር። መጀመሪያው የለም፣ መሃሉ ተዘሏል። ስለዚህ ድብድቡን ነበር የምንወደው፤ ድብድብ ለማየት ማንንም ማወቅ አያስፈልግም እኮ። ያ ሁለት እጁ አልታዘዝ ብሎት ቢላ በጥርሱ ነክሶ ሰዉን ሰንጥቆ የሚሄደውን ሰውዬ ግን መቼም አትረሺውም። እሱ ዛቡዛ ነው። በኋላ ከ1ኛው ክፍል ጀምሬ ሳየው ያ ሩጫ የጀግንነት ማሳያ ብቻ አልሆነብኝም። ሀኩ የሚባለውን ልጅ ከመንገድ አንስቶ አሳድጎት፣ "መሣሪያዬ ነህ" ሲለው ኖሮ፣ ልጁ እሱን ከልሎ ሲሞት እንኳ ምንም እንዳልተሰማው ሲያስመስል የነበረ ሰው ነው። ዋናው ልጅ ናሩቶ እያለቀሰ ሲናገረው ነው የሚሰበረው። ታሪካቸው በ19ኛው ክፍል ያልቃል፤ ለሀያ ቀን ልቤ ላይ ቆየ አልልሽም፣ እስካሁን አለ።

ሞት የሌለበትም ልንገርሽ፣ ነገሩ ሁሉ ለቅሶ እንዳይመስልሽ። "ዋን ፒስ" በ1999 ጀምሮ ከ1,000 ክፍል አልፏል። ቁጥሩን ሰምተሽ አትደንግጪ፣ የማወራልሽ 37ኛው ላይ ስላለው ነው። ናሚ የምትባለዋ ልጅ አሳዳጊ እናቷን የገደለው አርሎንግ ዘንድ ለዓመታት ተገዝታ፣ መንደሯን ልትገዛ ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀመችው ገንዘብ ይወሰድባታል። ክንዷ ላይ ያለውን የአርሎንግን ንቅሳት በቢላ ትወጋዋለች። የታሪኩ ዋና ሰው ሉፊ ከኋላዋ ቆሟል። "ሂድ" ትለዋለች፣ አይሄድም። በመጨረሻ "እርዳኝ" ትለዋለች። እሱም የገለባ ኮፍያውን አውልቆ ጭንቅላቷ ላይ ያደርግላታል። በቃ።

ኮፍያ ነው አይደል? ግን ሉፊ ያን ኮፍያ ለማንም አያስነካም። ልጅ ሳለ ሻንክስ የሚባለው የባሕር ወንበዴ አደራ ብሎ የሰጠው ነው። ቀደም ብሎ ባጊ የሚባለው ጠላቱ ሲያበላሽበት እንዴት እንደነደደ አይተናል። ስለዚህ ጭንቅላቷ ላይ ሲያደርግላት ምን እያላት እንደሆነ ተመልካቹ በራሱ ያውቃል፤ ንግግር አያስፈልገውም።

ማወቅ ስልሽ ደግሞ መረጃ ማለቴ አይደለም። የእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ልደት፣ ቁመት፣ የደም ዓይነት ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል። ሉፊ የተወለደው ሜይ 5 ነው። ይህን ማወቄ ስለ ሉፊ የነገረኝ ነገር የለም፣ ኮፍያው ግን ነግሮኛል። ሰው የሚታወቀው ማንም ሳያስገድደው በሚያደርገው ነገር ነው፤ ለማን ምግቡን እንደሚያካፍል፣ ምን ሲነኩበት እንደሚቆጣ፣ ማንን እንደሚያስታውስ።

ታናሽ ወንድሜ በዚህ አይስማማም። ቲክቶክ ላይ የተቆራረጠ ድብድብ ሲያይ ይውላል፤ ሙሉውን ከከፈተም ፍጥነቱን እጥፍ ያደርገዋል፣ ወሬ ሲጀመር ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ከዚያ "አሪፍ ነው ግን ውስጡ ምንም የለም" ይለኛል። እሱ የሚዘልለው ነው እኮ ውስጡ! የጃፓን የቴሌቪዥን አኒሜ ከኦሳሙ ቴዙካ "አስትሮ ቦይ" ጀምሮ፣ ማለትም ከ1963 ወዲህ፣ በየሳምንቱ በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ ነገር ስለሆነ ሥዕል መቆጠብ ግድ ነበር። እንቅስቃሴው ለድብድቡ ይቀመጣል። በቀረው ጊዜ ፊት አይንቀሳቀስም፣ አፍ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅና ዝምታ ናቸው ሰውየውን የሚሠሩት። ሉፊን ከ1999 ጀምሮ በድምፅ የምትጫወተው ማዩሚ ታናካ ናት፤ ያን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው። ፍጥነቱን እጥፍ ስታደርጊው የምታጠፊው የእሷን ሥራ ነው። ስለዚህ እባክሽ በጃፓንኛው ድምፅ፣ በሰብታይትል፣ በራሱ ፍጥነት እዪው።

አንድ የማልወደው ነገር ግን አለ፣ እሱንም ልንገርሽ። አንዳንድ ደራሲ ለአሥር ክፍል ችላ ያለውን ሰው ሊገድለው ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የልጅነት ትዝታውን ይከፍትልሻል። እናቱ ስትስመው፣ ቡችላ ሲያሳድግ፣ ሙዚቃው ከፍ ሲል። እኔ በዚህ አላለቅስም። ሰውየውን እንድናውቀው ሳይሆን እንድናዝን ብቻ የተቸኮለበት ሥራ ነው፣ ያስታውቃል።

ይህን ሁሉ ብዬ ያልኩትን የሚያፈርስብኝ አንድ አኒሜ አለ፤ እሱን ለመጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉም ስለምወደው ነው። "ፍሪረን" ይባላል። በሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ በማርች 2024 የመጀመሪያው ሲዝን በ28 ክፍል ተጠናቀቀ። የሚጀምረው ሌሎች ታሪኮች የሚያልቁበት ላይ ነው፤ አራት ጓደኛሞች 10 ዓመት ተጉዘው የአጋንንቱን ንጉሥ አሸንፈው ሲመለሱ። ፍሪረን ከሺህ ዓመት በላይ የምትኖር ኤልፍ ናት፣ ሰው የምትመስል ግን ሰው ያልሆነች፣ 10 ዓመት ለእሷ ምንም አይደለም። "በሉ እንገናኛለን" ብላ ትሄዳለች። ከ50 ዓመት በኋላ ስትመለስ ጀግናው ሂመል ሸምግሏል። ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ይሄ ሁሉ ገና 1ኛው ክፍል ነው! እኛም አናውቀውም፣ እሷም አታውቀውም። ቀብሩ ላይ ሰዎች "አታለቅስም እንዴ" ብለው ሲያሙዋት ነው እንባዋ የሚመጣው፤ የሰው ዕድሜ አጭር መሆኑን እያወቀች ለምን የበለጠ ልታውቀው እንዳልሞከረች ራሷን ትጠይቃለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የሞተን ሰው መተዋወቅ ነው። ድሮ ያለፉበትን መንገድ እንደገና ትሄዳለች፣ በየመንደሩ ሂመል የሠራው ነገር ይጠብቃታል። የትውልድ አገሩን ሰማያዊ አበባ ሐውልቱ ዙሪያ ልትተክልለት ጠፋ የተባለውን ዘር ትፈልጋለች። አንድ ጊዜ ቀለበት ሲያደርግላት እንዴት ተንበርክኮ እንደነበር የምናየው 14ኛው ክፍል ላይ ነው፤ እሷ ያኔ ምንም አልመሰላትም፣ እኛ ግን በዚያን ሰዓት ሂመልን አውቀነዋል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። በመጀመሪያው ክፍል የሞተ ሰው በ28ኛው ላይ ከሁሉም በላይ ይናፍቅሻል። ሂውዝን ቀድመን አውቀን ነው ያጣነው፣ ሂመልን ግን አጥተን ነው ያወቅነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ብራዘርሁድን ከ1ኛው ክፍል ጀምሪ። አንዱንም አትዝለይ፣ ሲበሉ፣ በባቡር ሲሄዱ፣ ሲጨቃጨቁ ያለውንም ጭምር። የቀብሩን ቁራጭ ማየትሽ አያሳስብሽ፣ ከፎቶዎቹ በኋላ ስትደርሺበት ሌላ ነገር ነው። በቀን አንድ ይበቃል፣ አትሽቀዳደሚ። 10ኛው ላይ ስትደርሺ በዚያው ሌሊት ጻፊልኝ፣ ሰዓቱን አትዪ። ፍሪረንን ግን ብቻሽን እንዳታዪው። ለበዓል ወደ ድሬ ስትመጪ ከሰዓት ላይ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ እኛ ቤት እንከፍተዋለን፣ ወንድሜንም አስቀምጠዋለሁ፣ ሪሞቱ ግን አንቺ ጋ ይሆናል።

ስለ ሥራሽም ጻፊልኝ፣ ምን እንደምትሠሪ እንኳ በደንብ አልነገርሽኝም። እናትሽን ሰላም በይልኝ።

የሠፈርሽ ልጅ፣ ከሳቢያን