ጉዳዩ፦ የስብሰባ አቴንዳንስ እንደ ስምምነት መቅረቡን ስለመቃወም

ለጠጠር ማምረቻ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ጎንደር

ከድንጋይ ካባችሁ ሥር በምንኖር አባወራዎችና እማወራዎች ስም ይህን ቅሬታ አቀርባለሁ።

ሰሞኑን ስለ ፍንዳታው አቤት ለማለት ቀበሌ ሄደን ነበር። አንድ ወረቀት አውጥተው አሳዩን። «ማኅበረሰቡ ተወያይቶ ተስማምቷል» ይላል። ከኋላው ፊርማችን አለ። ፊርማው የእኛ ነው፣ አንክድም። የፈረምነው ግን ሠራተኛችሁ በስብሰባው ዕለት በር ላይ ይዞት በቆመው አቴንዳንስ ላይ ነው። ለስላሳ የሚታደለው በዚያ ቁጥር ነው ተብለን ነበር። ስለ ስምምነት የሚያወራው ገጽ ከየት መጥቶ እንደተያያዘበት እናንተ ታውቃላችሁ። ጭራሽ ከፈራሚዎቹ አንዷ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከደባርቅ የመጡ እናት ናቸው። እሳቸውም ለካባው ፈቅደዋል ማለት ነው?

በስብሰባው ላይ የተነገረንም ሌላ ነበር። ፈንጂ የሚፈነዳው በታወቀ ሰዓት፣ አስቀድሞ ተነግሮ ነው ተባለ። መንገዱ ውኃ ይረጫል፣ ለወጣቶች ሥራ ይሰጣል ተባለ። ዛሬ ፍንዳታው ደስ ባለው ሰዓት ይመጣል። ከብት ገመዱን በጥሶ ይሮጣል፣ የቤቶቻችን ግድግዳ ተሰነጣጥቋል። ሲኖትራኮቹ ሲመላለሱ አቧራው የተሰጣ እህል ላይ ያርፋል። በርበሬ ማስጣት ትተናል። ሥራውን በተመለከተ፣ ከመንደሩ የተቀጠሩት የሌሊት ዘበኞች ብቻ ናቸው።

ድንጋይ አይውጣ አላልንም። የፋሲል ግንብም የቆመው በአካባቢው ባዛልት ነው። ድንጋዩ የግላችን ነው ብለንም አልመጣንም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 እና 92 እኛን የሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳባችንን እንድንሰጥ መብት ሰጥቶናል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። የእናንተን ጥናት ከመካከላችን ያየ ሰው የለም።

ከነዋሪ ጋር በወግ መዋዋል አዲስ ነገር አይደለም። በካናዳ ኩቤክ፣ የራግላን ኒኬል ማዕድን ባለቤቶች እ.ኤ.አ. በ1995 የአካባቢው ነባር ነዋሪ ከሆነው ከኢኑይት ሕዝብ ጋር በጽሑፍ ተዋውለው ከትርፉ 4.5 በመቶ ለማካፈል ፈርመዋል። የእናንተ ጠጠር ኒኬል አይደለም፣ እሱ ይገባናል። ግን ውል ውል ነው። ነዋሪን መናቅ ድርጅትንም ይጎዳል። በእኛው አገር፣ ጉጂ፣ የለገ ደንቢ የወርቅ ማውጫ ፈቃድ በ2010 ዓ.ም. ሕዝቡ ከተቃወመ በኋላ ታግዶ ነበር።

ስለዚህ ያ «ስምምነት» ከፋይላችሁ ይውጣ። የተጽዕኖ ጥናቱ በአማርኛ ይሰጠን። የፍንዳታ ሰዓት ይወሰንና በሞባይል ይነገረን፤ የተሰነጠቁትን ቤቶች ደግሞ ከሁለታችንም ወገን የሌለበት መሐንዲስ ይያቸውና ጥገናውን ሸፍኑ። ከዚያ በኋላ እኛ ራሳችን በመረጥናቸው ሰዎች በኩል፣ ሽማግሌም ሴትም ወጣትም ባሉበት፣ አዲስ ውል እንነጋገር። እያንዳንዱ ገጽ ይፈረምበት፤ አንድ ቅጂም እድራችን ጋር ይቀመጥ።

መልሳችሁን እስከ ወሩ መጨረሻ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ካልሆነ ጉዳዩን ፈቃድ ለሰጣችሁ መሥሪያ ቤት እናመለክታለን።

ከሰላምታ ጋር
የነዋሪዎች ተወካይ

አባሪ፦ የተሰነጠቁ ቤቶች ፎቶግራፍ፣ የነዋሪዎች ስምና ፊርማ (እያንዳንዱ ገጽ ላይ)

ግልባጭ፦ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት