ከአዳማ በኋላ ነጠላ ሐዲድ ነው

አዳማ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ ተመስገን። ከተጠፋፋን ዓመታት ተቆጠሩ። ባለፈው አንድ የሰፈራችን ልጅ ሐዋሳ አግኝቶህ ስልክህን አመጣልኝ። «በል ደውልለት» ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን መጻፍ መረጥኩ። የምነግርህ ብዙ ነው። የምለምንህም ነገር አለኝ፤ እሱን መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ።

ትልቋ ልጄ ባቡር ገባች። ነጂ አይደለችም፤ ስምሪት ክፍል ነው ሥራዋ። የትኛው ባቡር መቼ ይነሳል፣ የትኛው ጣቢያ ቆሞ የትኛውን ያሳልፋል የሚባለው እዚያ ነው የሚወሰነው። ሥራ እንደጀመረች አንድ ማታ ቡና ላይ ተቀምጠን ታስረዳኝ ጀመር። ወረቀት አውጥታ መስመር አሰመረችልኝ። «አባዬ፣ ከሰበታ እስከ አዳማ ሁለት ሐዲድ ነው፤ የሚሄደውና የሚመጣው አይገናኙም። ከአዳማ በኋላ ግን አንድ ነው። የሚሄደውም የሚመጣውም በዚያው ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ ጣቢያ ገብቶ ዳር ይይዛል፣ ሌላው ያልፋል። የኛ ጭንቀት እሱ ነው» አለችኝ።

አባትህ ናቸው ፊቴ ላይ ድቅን ያሉብኝ፣ የጣቢያ ሹሙ አባባ።

ያንን የጣቢያውን የግድግዳ ስልክ መቼም አልረሳኸውም። አባባ እጀታውን ሦስት አራቴ ያዞሩና የቀጣዩን ጣቢያ ሹም ይጠራሉ። የባቡሩን ቁጥር ይናገራሉ፣ መንገድ ይጠይቃሉ። ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። እዚያ ያለው ሰው መዝገቡን አይቶ «መንገዱ ነፃ ነው» እስኪል ድረስ ማንም አይንቀሳቀስም። ሲላቸው የሰሙትን ደግመው ጮክ ብለው ይመልሱለታል፤ ሰዓቱን በዚያ ትልቅ መዝገብ ላይ ይጽፋሉ፤ ፈርመው ይወጣሉ። ባንዲራው የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ተሳፋሪው ቢጮህ፣ ነጂው ጥሩምባ ቢነፋ፣ ትልቅ ባለሥልጣን ፉርጎ ውስጥ ተቀምጦ ቢቆጣ፣ አባባ ንቅንቅ አይሉም ነበር። እኔና አንተ በሩ ላይ ቆመን ትንፋሻችንን ይዘን ስናያቸው ክፉ ሰው ይመስሉኝ ነበር። አሁን ልጄ ስታስረዳኝ ነው የገባኝ። ነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ከተላከ የሚመልሰው የለም።

ዛሬ ስልኩ ኮምፒውተር ሆኗል፣ መዝገቡም ስክሪን። ሕጉ ግን ያው የአባባ ሕግ ነው። ልጄ «ከቀጣዩ ጣቢያ ማረጋገጫ ሳናገኝ አንለቅም» ስትል ድምፃቸውን የሰማሁ መሰለኝ።

ታሪክ አስተማሪ መሆኔን ታውቃለህና ትንሽ ታገሠኝ። ተማሪዎቼ አዳማ ከየት መጣች ሲሉኝ ከባቡሩ ነው የምጀምረው። አፄ ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር፤ ተራራው አስቸገረ። መስመሩ ከተራራው ሥር ቀረና ድሬዳዋ የምትባል ከተማ እዚያ በቀለች። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ነው። ከዚያ ገንዘብ አለቀ። ኩባንያው ከሰረ። የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የጣሊያን መንግሥታት ባቡሩን ማን ይያዘው ብለው ሲሻኮቱ ዓመታት ሄዱ። በኋላ በአዲስ ፈቃድ ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ቀጠለ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ያረፉት በ1906 ነበር። ያን ሁሉ የደከሙለት ባቡር መናገሻቸው ሲገባ አላዩትም። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል።

እንግዲህ ያ የድሮው መስመር ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣ ነበር። አዳማ በዚህ ዳገት መሃል ጣቢያ ስትሆን ገበያው ተከተለ፣ ሆቴሉ ተከተለ፣ እኛም ተከተልን። የኔ አያት ከመንዝ መጥተው እዚህ የቀሩት ባቡር ላይ ጭነት ለማውረድ ነው። የአንተም አባት የመጡት በባቡር ሥራ ነው። ከተማችን ሁላችንንም የሰበሰበችው በዚያ ሐዲድ ነው።

ያ መስመር ያላየው የለም። ጃንሆይ በሚያዝያ 1928 ወደ ስደት የወጡት በሱ ነው። ለብዙ ጊዜ የፈረንሳዮች ነበር፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያ እኩል ባለድርሻ ሆነች። ጅቡቲ በ1969 ነፃ ከወጣች በኋላ ደግሞ የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ኩባንያ ሆነ። የሶማሊያ ጦርነት ድልድዮቹን ሰባብሮ መስመሩን ቆርጦት ነበር፤ ያንንም ጠግነው አስነሱት። በዚህ ሁሉ መሃል የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆኖ ቀረ። አባባ ሲቆጡን እንኳ በፈረንሳይኛ ነበር።

የአዋሹን ቀን ማንሳት ይከብደኛል፤ ግን ሳላነሳው አላልፍም። ጥር 5 ቀን 1977። ፈጣኑ ባቡር አዋሽ አጠገብ፣ ድልድዩ ያለበት ጠመዝማዛ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባና ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ የባቡር አደጋ ታሪክ ከከፉት አንዱ ነው። አባባን ለሥራ ወደዚያ ወስደዋቸው ነበር። ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ሳያወልቁ አመሹ። እናትህ ውኃ አቅርበውላቸው አልነኩትም። ከዚያ በኋላ ነው መዝገቡን ሁለቴ ማንበብ የጀመሩት። አንዴ ለራሳቸው፣ አንዴ ጮክ ብለው። ልጅ ብሆንም ይህን አስተውያለሁ።

ልጄ ይህን ስነግራት ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እኛ ስንማር ይህ ነገር በስሱ ነው የታለፈው። ለምን የነበሩትን ሰዎች አንጠይቅም?» አለችኝ። አንተን የምለምንህ ነገር የመጣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የድሮው ባቡር እንዴት እንደሞተ አይተናል። ሰው «አርጅቶ ነው» ይላል፤ እኔ አልስማማም። ሐዲድ አያረጅም ማለቴ አይደለም። ግን ሐዲድ በየቀኑ በእግሩ እየሄደ የሚያየው ሰው ይፈልጋል። የላላ ብሎን የሚያጠብቅ፣ ጎርፍ የበላውን ጠጠር የሚሞላ፣ መዶሻውን ጎማው ላይ መትቶ በድምፁ ስንጥቅ የሚለይ ሰው። መለዋወጫ መምጣት ሲያቆም፣ ጡረታ የወጣው ሰው ሳይተካ ሲቀር፣ ጭነቱን ሁሉ ከባድ መኪናው ሲወስደው፣ ባቡሩ ከሳምንት ሳምንት እየዘገየ እየወደቀ ሄደ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ጥገና ተጀመረ፤ ዳር ሳይደርስ ቀረ። 2000 ዓ.ም. አካባቢ አዳማ ላይ የባቡር ድምፅ ጠፋ። አባባ ጡረታ ወጥተው እህትህ ዘንድ ድሬዳዋ ከገቡ በኋላ ነበርና ይህን ዓይናቸው አላየም። ጥሩ ሆነ።

አዲሱ ሌላ ነገር ነው። የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ተቋቋመ፤ መስመሩን ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ተከፋፍለው ሠሩት። ገንዘቡ በአብዛኛው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራ የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ነው። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ ይኸኛው ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው። ስለዚህ ከድሮው አንድ ፉርጎ እንኳ እዚህኛው ላይ መሄድ አይችልም። ባለቤቱ ያው የሁለቱ አገር መንግሥታት ነው፤ 75 በመቶው የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው የጅቡቲ።

እንጀራው ያለው ጭነቱ ላይ ነው። ኮንቴይነሩ፣ ማዳበሪያው፣ ስንዴው ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል፤ ሲመለስ ቡና ይዞ ይሄዳል። በከባድ መኪና ቀናት የሚፈጀው በባቡር ሰዓታት ነው። መንገደኛው ግን ቅር ብሎታል፣ እኔም ቅር ብሎኛል። የድሮው ባቡር መሃል ከተማ ነበር የሚገባው። ሴቶቹ ብርቱካንና የተቀቀለ እንቁላል ይዘው መስኮቱ ሥር ሲሯሯጡ፣ ከተማው ሁሉ ባቡር መግባቱን ያውቅ ነበር። አዲሱ ጣቢያ ያማረ ነው፤ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ ባጃጅ ይዘህ ነው የምትደርሰው። ለአዲስ አበባማ የፍጥነት መንገዱ ስላለ ሰው በሚኒባስ ውልብ ይላል። ባቡሩ መንገደኛውን ጨርሶ እንዳይተወው እሰጋለሁ። ጭነት ብቻ የሚያልፍበት ከተማ ባቡር አለኝ አይልም።

ሌላም ችግር አለ። መብራት ሲቋረጥ ባቡሩ ይቆማል። ብሎንና ኬብል የሚሰርቅ አለ። ቆላው ውስጥ ግመልና ከብት ሐዲዱ ላይ ይገባል፤ አርብቶ አደሩ ንብረቱን ያጣል፣ ካሣ ይጠየቃል፣ ባቡሩም ይጎዳል። ብድሩም አለ። ይህን ሁሉ ልጄ ስትነግረኝ አልደነገጥኩም። አባባም ጎርፍና አሸዋ ያማርሩ ነበር እኮ።

ትልቁ ነገር ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት ግድም ባቡሩን ያንቀሳቀሱት ቻይኖቹ ናቸው፤ የኛ ልጆች ጎናቸው ሆነው ተማሩ። በ2016 ሥራው ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሰዎች ተላለፈ። አሁን ነጂውም፣ ስምሪቱም፣ ጥገናውም በልጆቻችን እጅ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ መቶ ዓመት ሙሉ መጀመሪያ ፈረንሳይ፣ ከዚያ ቻይና ሲያስተምረን ኖረን፣ በመሃል ያወቁት የራሳችን ሰዎች እውቀታቸውን ይዘው ቤታቸው ቁጭ ብለዋል። ማንም አልጠየቃቸውም። አዲሱ መስመር በብዙ ቦታ የሚያልፈው በድሮው አገር ነው። ጎርፉ ያው ነው፣ ሙቀቱ ያው ነው። የትኛው ደረቅ ወንዝ በየትኛው ወር ድንገት እንደሚሞላ፣ ነፋሱ የት አሸዋ እንደሚከምር፣ ከብት በየት በኩል ውኃ እንደሚወርድ አባባ ያውቁታል። እንዲህ ያለው በማንም ማሠልጠኛ ደብተር ውስጥ የለም።

ልመናዬ ይህ ነው። ልጄ አባባ ዘንድ ሄዳ መጠየቅ ትፈልጋለች። እሷና ሁለት የሥራ ጓደኞቿ ጥያቄ አዘጋጅተዋል፤ ድምፃቸውን ይቀዳሉ። አባባ ያቺን የግል ማስታወሻ ደብተራቸውን አሁንም እንደያዙ ሰምቻለሁ። እኔ አውቃታለሁ፣ ግማሿ ፈረንሳይኛ ናት። ከኛ መሃል ፈረንሳይኛውን ከሳቸው አፍ የተማርክ አንተ ነህ። አንተ ከሌለህ የሚያነብልን የለም። ደግሞ እኔ ጠይቄያቸው ከሚነግሩኝ አንተ ጠይቀሃቸው የሚነግሩህ ይበልጣል፤ አባት ለልጁ ሌላ ነው።

ከሐዋሳ እስከ አዳማ በመኪና ና፤ መንገዱ አሁን ተሻሽሏል። እኛ ቤት ታድራለህ። ባለቤቴ ዶሮውን የምትሠራው አንተ እንደምትወደው አድርጋ ነው፣ አልረሳችም። ጠዋት አብረን በባቡር ድሬዳዋ እንሄዳለን። ትኬቱን ልጄ ትይዛለች። የገና ሰሞን ቢሆን እኔም ከትምህርት ቤት ፈቃድ አገኛለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ለእህትህ ደውልልኝ። አባባ ጠዋት ነው ማውራት የሚቀናቸው ወይስ ከሰዓት? ጆሯቸውስ እንዴት ነው? ጠጋ ብለን ጮክ ማለት አለብን? ደብተሯንም ከመሄዳችን በፊት ፈልጋ ታስቀምጥልን። መልስህን በዚህ በላክሁልህ ስልክ ጻፍልኝ፤ ወይም ደውል፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።

ወንድምህ፣
ከአዳማ