«ውኃ መጣ»፦ የንባብ ክበባችን የእንቅልፍ ዓመት

አምና በዚሁ መጽሔት ላይ ስለ ንባብ ክበባችን ስጽፍ የተነበቡትን መጻሕፍት ቆጥሬ ነበር። ዘንድሮ ግን ከመጽሐፍ ይልቅ የእንቅልፍ ሰዓት ስንቆጥር ነው የከረምነው። እንዴት እዚያ እንደደረስን ላስረዳ።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። ክበባችን የሚሰበሰበው ዓርብ ከሰዓት፣ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ ነው። አንድ አጭር ልብ ወለድ መርጠን ተራ በተራ ጮክ ብለን እናነባለን። የዚያን ቀን ተራው የአንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነበር። ስሙን ጠራሁ። ዝም። ደግሜ ጠራሁ። አጠገቡ ያለው ልጅ በክርኑ ጎሰም ሲያደርገው ብድግ አለና «አለሁ!» ብሎ ጮኸ። የስም ጥሪ መስሎት ነው። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እኔም ሳቅሁ። ቀና ብዬ ሳይ ግን ሌሎች አራት ልጆችም ዴስክ ላይ ተደፍተዋል፤ ሳቁም አልቀሰቀሳቸውም።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ተናደድኩ። ታሪኩን የመረጥኩት እኔ ነኛ! በኋላ «ማታ ስንት ሰዓት ተኛችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። «ስድስት ሰዓት»፣ «ስምንት»፣ «ቲቸር፣ እኔማ ጭራሽ አልተኛሁም፤ የሒሳብ ሚድ ነበረን።» ይህን ስሰማ አፈርኩ። ምክንያቱም ፈተና በደረሰ ቁጥር «እንቅልፍማ በክረምት ይደርሳል» እያልኩ ስሸኛቸው የኖርኩት እኔ ራሴ ነኝ። ሲቸክል ያደረን ልጅ በክፍል ፊት አመስግኜም አውቃለሁ።

በሚቀጥለው ዓርብ የባዮሎጂ መምህራችንን በእንግድነት ጋበዝን። ለአንድ ቀን መጡ፤ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ አልተለዩንም። የነገሩን በአጭሩ ይህ ነው። ቀን የተማርነው ነገር በመጀመሪያ የሚያዘው ሂፖካምፐስ በሚባል የአንጎል ክፍል እርዳታ ነው። ማታ ከባድ እንቅልፍ ሲወስደን አንጎል ያንን የቀን ነገር ደግሞ ደጋግሞ ያነሣዋል። በዚህ ድግግሞሽ ትዝታው ከሌላው የአንጎል ክፍል ጋር እየተሳሰረ ይጸናል። ማለትም ትምህርቱ የሚያልቀው ደብተር ሲዘጋ አይደለም። ሌሊቱን ያነጋ ልጅ ጤፉን አስፈጭቶ፣ አቡክቶ፣ ሊጡ ሳይቦካ ምጣዱን እንደሚጥድ ሰው ነው። (የሊጡ ምሳሌ የእኔ ነው። የባዮሎጂ መምህራችን «እርሾው ምኑ ነው?» ብለው አፋጠውኝ ነበር።)

ልጆቹ ግን በወሬ አላመኑም። «እንሞክረው» አሉ። እዚህ ላይ አንድ የድሮ ጀርመናዊ መጣልን፣ ኸርማን ኤቢንግሃውስ። እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ ትውስታ ያሳተመው ሥራ ዛሬም ይጠቀሳል። የሞከረው በሌላ ሰው ላይ አይደለም፣ በገዛ ራሱ ላይ ነው። ትርጉም የሌላቸውን አጫጭር ቃላት እየደረደረ ይሸመድዳል፤ ከዚያ በየጊዜው ምን ያህሉ እንደቀረለት ይለካል። ያገኘው ነገር ተማሪን ያስደነግጣል። አብዛኛው የሚጠፋው ገና በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። የተረፈው ግን ቀስ እያለ ነው የሚሄደው።

እኛም ትርጉም የለሽ ቃላት በፊደላችን ፈጠርን። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። አንዷ «ሎን» ብላ ጻፈች። ከኋላ ያለው ልጅ ፈነዳ፦ «ቲቸር፣ ይሄማ በኦሮምኛ ከብት ነው!» ሌላው የፈጠረው ቃል ደግሞ የሰፈሩ ልጅ ቅጽል ስም ሆኖ ተገኘ። አንድ ሙሉ ዓርብ በዚህ አለቀ። ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት አገር ትርጉም የሌለው ቃል ማግኘት መከራ ነው።

ሙከራችን የተቀዳው በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከነበሩት ተመራማሪዎች፣ ከጄንኪንስና ከዳለንባክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ሁለት ተማሪዎችን እንዲህ ያሉ ቃላት አስጠንተው፣ ከተኙ በኋላና ነቅተው ከዋሉ በኋላ ጠየቋቸው። ሰዓቱ እኩል ሆኖ፣ ከተኙ በኋላ የተሻለ አስታወሱ። እኛ ክበቡን ለሁለት ከፈልን። ግማሹ ማታ አጥንቶ ተኝቶ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ይጠየቃል፤ ግማሹ ጠዋት አጥንቶ ማታ በስልክ ይጠየቃል። የተኙት በለጡ። ጭብጨባው ሲደራ የባዮሎጂ መምህራችን «ቆይ» አሉ። «ማታ የተጠየቁት ደክሟቸው ቢሆንስ? ደግሞ ሁለቱን ቡድኖች ማን እኩል ናቸው አለ?» ቡድኖቹን አቀያየርን። የተኙት አሁንም በለጡ፤ ልዩነቱ ግን ጠበበ። በስልክ ከተጠየቁት መሀል ወረቀቱን አጠገቡ ያስቀመጠ እንደነበረም በኋላ ተናዘዘልን። ኩረጃ እንቅልፍ አይወስደው!

አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ደግሞ የራንዲ ጋርድነርን ታሪክ ይዞ መጣ። አሜሪካዊ ነው፤ እንደ እነሱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ለትምህርት ቤት የሳይንስ ውድድር ብሎ 11 ቀን ሳይተኛ ቆየ። ሙከራው የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በጥር 1964 ነው። ክፍሉ በአድናቆት ተሞላ። «እኔ አራት ቀን እችላለሁ» የሚል ወዲያው ተገኘ። ከለከልኩ። ጋርድነር በስተርጅና በእንቅልፍ ማጣት ክፉኛ መሠቃየቱን ራሱ መናገሩን ስነግራቸው አድናቆቱ ትንሽ በረድ አለ።

ከሁሉም የበለጠ ያስተማረኝ ግን የእንቅልፍ ደብተሩ ነው። ከኅዳር ጀምሮ እያንዳንዱ አባል የተኛበትንና የተነሣበትን ሰዓት፣ ከእንቅልፍ የቀሰቀሰውንም ነገር እንዲመዘግብ ተስማማን። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። የእኛ ልጆች ብዙዎቹ ስድስትን ካለፉ ጥሩ ነው። እኔ ምክንያቱ ቲክቶክ ይሆናል ብዬ ምክሬን አዘጋጅቼ ነበር። ቲክቶክማ አለ፤ ስልኩን ትራስ ሥር አድርጎ የሚተኛው ብዙ ነው። ግን የአንዲት ልጅን ደብተር ስገልጥ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ቦታ «ውኃ መጣ» የሚል አገኘሁ። ሰፈራቸው ውኃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥታ ጀሪካን ትሞላለች። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ሌላው ማታ የእናቱን ሱቅ የሚዘጋው እሱ ነው። ሌላዋ አንድ ክፍል ውስጥ ከአራት እኅትና ወንድሞቿ ጋር ትተኛለች፤ ትንሹ ሲያለቅስ ሁሉም ይነቃል።

ያን ቀን ያዘጋጀሁትን ምክር ወደ ኪሴ መለስኩ። «ቶሎ ተኛ» ማለት ቀላል ነው፤ ውኃው እስኪመጣ ማን ይጠብቅ?

በዚህ መሀል ሌላ ነገር አነበብን። በጉርምስና ዕድሜ የአንጎል የመኝታ ሰዓት ራሱ ወደ ኋላ ይገፋል። ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀን ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን ዘግይቶ ነው የሚመነጨው። ስለዚህ ልጁ በሦስት ሰዓት እንቅልፍ እምቢ ያለው ሁልጊዜ በእልኸኝነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የሲያትል ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመግቢያ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከ1:50 ወደ 2:45 ተገፋ። ተማሪዎቹ በአማካይ 34 ደቂቃ ተጨማሪ መተኛታቸው ተለካ። የእኛ ሰልፍ 2:00 ላይ ነው። ልጆቹ ይህን ይዘው ለርዕሰ መምህሩ ማመልከቻ ጻፉ። እሳቸው ሙሉውን አነበቡና «የታክሲውን ሰልፍና የከሰዓቱን ፈረቃ ማን ያዘገይልኛል?» አሉ። ተሸነፍን። ማመልከቻው ግን በሥርዓት የተጻፈ ስለነበር ለአማርኛ ክፍሌ ማስተማሪያ ሆኗል።

የዓመቱ ምርጥ እንግዳችን የግቢያችን ጥበቃ ነበሩ። በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ቆሎ ተማሪ ነበሩ። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ቁራሽ እየለመኑ፣ ማታ በጨለማ የቃል ትምህርት እየሰሙ፣ ጠዋት ያንኑ በየኔታ ፊት እየተወጡ ነው የተማሩት። «መጽሐፍ የለ፣ መብራት የለ። ጠዋት ካልወጣልህ አልተማርክም» አሉ። የባዮሎጂ መምህራችን ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳዩት ይህንኑ ነው። አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ ያነበበ ተማሪ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቅ ይበልጣል። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቅ ግን የሚበልጠው አንዴ አንብቦ ራሱን ሲፈትን የነበረው ነው። ማታ ሰምቶ፣ በላዩ ተኝቶ፣ ጠዋት ያለ መጽሐፍ መወጣት! ትምህርት ያስይዛል እየተባለ ስለሚጠጣው አብሾም መጠየቁ አልቀረም። «አብሾ ያሳበደውን አይቻለሁ፤ ያስተማረውን አላየሁም» ብለው ሳቁ።

እስካሁን ስለ ሥነ ጽሑፍ ያልተናገርኩት ክበቡ የማን እንደሆነ ረስቼ አይደለም። ከጥር ጀምሮ አንድ ደንብ አወጣን፦ ከመኝታ በፊት ሃያ ደቂቃ የወረቀት ንባብ፣ ያውም ልብ ወለድ። ስልኩ ሌላ ቦታ ይደር። ታሪክ ምዕራፍ አለው፤ ያልቃል። ስልክ አያልቅም። ለአብዛኞቹ ሠራ። ለሁለቱ ግን ጭራሽ ባሰ። አንዱ አያቶቹ በሬዲዮ ሲተረክ የሰሙትን ያንን ወፍራም ልብ ወለድ ጀመረና (ርዕሱን ልንገራችሁ አያስፈልግም) ለሦስት ቀን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አነበበ። ደብተሩ ላይ «የቀሰቀሰኝ ነገር» በሚለው ቦታ የጻፈው የዋናዋን ገጸ ባሕርይ ስም ነው። ልቆጣው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። የአማርኛ መምህር ነኝ እኮ።

ልብ ወለድ ማንበብ የሰው ስሜት መረዳትን ያሻሽላል የሚባለውንም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2013 ኪድና ካስታኖ የተባሉ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ብዙ ተወርቶለታል፤ በኋላ ሌሎች ሲደግሙት ግን ያንኑ ውጤት አላገኙም። ስለዚህ አንድ አጭር ታሪክ አንብበህ ሰው ትሆናለህ ብዬ አልዋሽም። ያየሁትን ግን ልናገር። መጋቢት ላይ ያነበብነው ታሪክ ውስጥ አንድ ሰካራም አባት ነበር። አንዱ ልጅ «እንደዚህ ዓይነቱን ሰው መግረፍ ነው» ብሎ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ታሪክ ላይ ስንከራከር «ቆይ፣ ያ ሰውዬ ግን ማታ ማታ ማንን ነበር የሚያናግረው?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም። ጥያቄው ግን እኔን ቤት ድረስ ተከትሎኝ ሄደ።

አንዲት ልጅ ደግሞ አያቷን ይዛ መጣች። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ልጆች ወልደው ከጨረሱ በኋላ ነው ፊደል የቆጠሩት። አንጎል ለማንበብ ተብሎ አልተፈጠረም። ፊደልን ለይቶ የሚያውቀው ቦታ የሚሠለጥነው በመማር ነው። ፈረንሳዊው የአንጎል ተመራማሪ ስታኒስላስ ዴሄን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ጥናት በብራዚልና በፖርቱጋል ያሉ ሰዎችን አወዳድሮ፣ ካደጉ በኋላ ማንበብ የተማሩትም አንጎላቸው እንደሚለወጥ አሳይቷል። ይህን ስናስረዳቸው እማማ ብዙም አልገረማቸውም። «ታዲያስ፣ ቀድሞ የሱቁ ሰሌዳ ግድግዳ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ሳላነበው ማለፍ አቃተኝ» አሉ። በሚኒ ሚዲያ አስተላልፈነዋል።

ርዕሰ መምህሩ ይህን ዘገባ ስጀምር «የአባላቱ ውጤት ጨመረ?» ብለው ጠይቀውኛል። የአንዳንዱ ጨምሯል፣ የአንዳንዱ ቀንሷል፤ በእንቅልፉ ነው ብዬ ልምል አልችልም። ዓርብ ዓርብ የሚያንቀላፋው ግን ቀንሷል። «ውኃ መጣ» ብላ የጻፈችው ልጅ አሁን ከወንድሟ ጋር በተራ ነው የምትነሣው። ቤተሰቡን ያሳመነችው ደብተሩን አሳይታ ነው።

የንብረት ጉዳይ ይቀረኛል። ከክበቡ መደርደሪያ ሦስት መጻሕፍት አልተመለሱም። ሁለቱ የት እንደገቡ እያፈላለግን ነው። ሦስተኛውን የያዘው ያ ጥቅምት ላይ «አለሁ!» ብሎ የጮኸው ልጅ ነው። ስጠይቀው «ትራሴ ሥር ነው ቲቸር፣ አርባ ገጽ ቀርቶኛል» አለኝ። እስከ ነሐሴ ፈቅጄለታለሁ።